በኦያንታይታምቦ ማደር፦ ወደ አንዲት ትንሽ የአንዲስ ተራራ ከተማ ለሚጓዝ ሰው የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በፔሩ፣ ከኩስኮ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ የኡሩባምባ ወንዝ በገደላማ ተራሮች መካከል በሚያልፍበት ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ኦያንታይታምቦ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ወደ ማቹ ፒቹ፣ ማለትም ወደ ታዋቂው የኢንካ ተራራ ላይ ፍርስራሽ የሚሄዱት ባቡሮች አብዛኞቹ የሚነሱት ከዚህ ስለሆነ በየቀኑ ብዙ እንግዳ ይገባባታል፤ ነገር ግን ከእንግዳው የሚበዛው የሚያያት ከመኪና ወርዶ ባቡር እስኪሳፈር ባለችው አንዲት ሰዓት ብቻ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ከተማዋን እንደ መናኸሪያ ቆጥሮ ማለፍ ትልቅ ጥፋት ነው ብሎ ከሚያምን ሰው ነው። ስፔናውያን ከመምጣታቸው በፊት አገሩን ይገዙ የነበሩት ኢንካዎች በ15ኛው መቶ ዓመት የቀየሷቸው ጎዳናዎች፣ የዘረጓቸው የውኃ ቦዮችና የሠሯቸው የግቢ ግንቦች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል፤ ይህን ያህል ሳይፈርስ የቆየና መኖሪያነቱን ያላቋረጠ የኢንካ ከተማ በአንዲስ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። እርስዎ ቢያንስ ሁለት ሌሊት፣ ቢችሉ ሦስት እንዲያድሩ እመክራለሁ፤ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፦ ወቅቱን መምረጥ

በዚህ የአንዲስ ክፍል ዓመቱ በሁለት ይከፈላል። ደረቁ ወቅት ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ አልፎ የሚዘልቅ ሲሆን፣ ዝናቡ ደግሞ ከኖቬምበር እስከ ማርች ይበረታል። አገሩ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስለሚገኝ የእኛ ክረምት ለእነርሱ በጋ ነው፤ በሐምሌ ከአዲስ አበባ ዝናብ የሚነሣ ሰው ኦያንታይታምቦ ሲደርስ ጥርት ያለ ሰማይና የደረቀ ሣር ይጠብቀዋል። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ዝናቡ እጅግ የሚከብድባቸው ወራት በመሆናቸው የመሬት መንሸራተት መንገዱንም ሐዲዱንም ሊዘጋ ይችላል፤ የጉዞ ቀኑ ጠባብ የሆነ ተጓዥ በእነዚህ ወራት ባይሄድ ይሻለዋል። በእኔ ግምት ከሁሉም የሚመቹት ሜይና ሴፕቴምበር ናቸው፤ ዝናቡ የለም፣ የጁንና የጁላይ ሕዝብም ገና አልመጣም ወይም ሄዷል።

በጁንና በጁላይ ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል፤ ብዙዎቹ ማደሪያዎችም ማሞቂያ የላቸውም። ስለዚህ ወፍራም ሹራብና ጃኬት ይያዙ፤ በሻንጣዎ ቦታ ካለ ጋቢ ከምንም ይበልጣል። ከተማዋን በበዓል ቀን ማየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ የጰራቅሊጦስን ሰሞን ይምረጥ፤ የቾኬኪልካ ጌታ የሚባለው የከተማዋ ዓቢይ በዓል በዚያን ጊዜ ጭምብል ባጠለቁ የዳንስ ማኅበራት ታጅቦ ለቀናት ይከበራል። ቀኑ የሚቆጠረው በምዕራባውያን ፋሲካ ስለሆነ ከእኛ ጰራቅሊጦስ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ማደሪያም ቀደም ብሎ መያዝ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፦ ሰነዶችና የአየር ጉዞ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ወደ ፔሩ ለመግባት አስቀድሞ ከቆንስላ ቪዛ ማውጣት አለበት። የአሜሪካ፣ የእስራኤልና የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ፓስፖርት ያላቸው ወገኖቻችን ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቁም። በውጭ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ይዘው ፓስፖርታቸው ግን ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰዎች ቲኬት ከመግዛታቸው በፊት በሚኖሩበት አገር ያለውን የፔሩ ቆንስላ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አየር ማረፊያ ላይ ከመመለስ ይህ ይቀላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እስከ ብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ስለሚበርር ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ ከዚያ ወደ ሊማ መቀጠል ይችላል፤ በሚያልፉበት አገር የመተላለፊያ ቪዛ ያስፈልግ እንደሆነም አብረው ያጣሩ።

ስለ ቢጫ ወባ ክትባት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ኦያንታይታምቦ ከፍታ ላይ ስለሆነች በሽታው እዚያ አያሰጋም፤ ነገር ግን ፔሩ በምሥራቅ በኩል ባሉት የአማዞን ቆላዎች የተነሣ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ትቆጠራለች። ኢትዮጵያ ደግሞ ከእንደነዚህ ዓይነት አገሮች ከሚመጣ ሰው የክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ስለዚህ ካርዱ የሚያስፈልግዎ ሲሄዱ ሳይሆን ሲመለሱ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፦ ከፍታውን በቅደም ተከተል መለማመድ

ይህ ከሁሉም የሚበልጠው እርምጃ ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ኩስኮ ያለችው 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ሊማ ግን የባሕር ዳርቻ ናት፤ አውሮፕላኑ ከሊማ ተነሥቶ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሰውን ከባሕር ወለል ወደዚያ ከፍታ ያወጣዋል። ለእኛ አንባቢ ልኩን በምናውቀው አገር እንናገረው፦ ኦያንታይታምቦ ከደብረ ብርሃን ጋር ተቀራራቢ ከፍታ አላት፤ ኩስኮ ግን በሰሜን ተራሮች ከሳንቃ በር ከፍ፣ ከጨነቅ ዝቅ ትላለች። አንድ ሰው ደብረ ብርሃን ላይ በሰላም ቢያድር አያስደንቅም፤ ከባሕር ዳርቻ በቀጥታ ተነሥቶ ጨነቅ አካባቢ ያደረ ሰው ግን ራሱን ቢያመው አይፈረድበትም።

ስለዚህ ኩስኮ አየር ማረፊያ እንደ ደረሱ በከተማዋ ሳያድሩ በቀጥታ ወደ ኦያንታይታምቦ ይውረዱ፤ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች እዚያ ያሳልፉ፤ ኩስኮን የሚጎበኙት በመጨረሻ፣ ሰውነትዎ ከለመደ በኋላ ይሁን። ከ600 ሜትር የማያንስ ልዩነት ለእንቅልፍና ለራስ ምታት ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ የለመደ በመሆኑ ከሌሎች ተጓዦች ይልቅ ይቀልለዋል። ነገር ግን በዱባይ፣ በቴል አቪቭ ወይም በዋሽንግተን ዓመታት ያሳለፈ ኢትዮጵያዊ «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ» ብሎ አይተማመን፤ ደጋን መልመድ ከቆላ ኑሮ ጋር በሳምንታት ውስጥ የሚጠፋ ነገር ነው። የዘር ውርስ ጉዳይም ቢሆን የተለየ ነው፦ በሰሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገና በ2002 የታተመ ጥናት፣ የሰዎቹ ደም ውስጥ ያለው፣ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በቆላ ካሉ ሰዎች ብዙ እንዳልራቀ ሲያሳይ፣ የአንዲስ ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ብሎ ይገኛል። ሁለቱ ሕዝቦች አንዱን ችግር በየራሳቸው መንገድ ፈትተውታል፤ ይህ ግን በሜዳ ላይ ያደገ ሰው ሊወርሰው የሚችለው ነገር አይደለም።

የአገሩ ሰው የከፍታ ሕመምን ሶሮቼ ይለዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና እንቅልፍ ማጣት የተለመዱ ምልክቶቹ ናቸው፤ በአብዛኛው በእረፍት፣ ውኃ በመጠጣትና አልኮል ባለመቅመስ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይቀልላሉ። አሴታዞላማይድ የተባለውን የከፍታ ሕመም መከላከያ መድኃኒት መውሰድ የሚፈልግ ሰው ከመነሣቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ በተለይ ልብ ወይም ሳንባ ላይ ሕመም ያለበት፣ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት፣ ያለ ሐኪም ምክር ወደዚህ ከፍታ መውጣት የለባቸውም። ሰውየው ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ጉዳዩ ከሶሮቼ አልፏል፤ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪምና ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውሰድ ያስፈልጋል።

አራተኛ፦ ከኩስኮ ወደ ከተማዋ መውረድ

ከኩስኮ ፓቪቶስ ከተባለው ጎዳና ላይ ኮሌክቲቮ የሚባሉ ሚኒባሶች ወደ ኦያንታይታምቦ ይነሣሉ። አሠራራቸው ለእኛ እንግዳ አይደለም፦ የተጻፈ የመነሻ ሰዓት የላቸውም፣ ሲሞሉ ይነሣሉ፣ ረዳቱም የከተማዋን ስም እየጠራ ሰው ይሰበስባል። ዋጋው ለረጅም ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሶል (የፔሩ ገንዘብ) ባለው ውስጥ ሲመላለስ ቆይቷል። ጉዞው አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ሻንጣው የከበደ ወይም የምሽት በረራ ያለው ሰው ማደሪያውን ጠይቆ ታክሲ ቢያስልክ ይሻላል።

መንገዱ በቺንቼሮ በኩል የሚሄድ ከሆነ ከመውረዱ በፊት እስከ 3,760 ሜትር ገደማ እንደሚወጣ አስቀድመው ይወቁ፤ ራስዎን ቢከብድዎ አይደንግጡ፣ ብዙም ሳይቆይ መኪናው ወደ ኡሩባምባ ሸለቆ ይወርዳል። በመስኮት በኩል መቀመጥ ከቻሉ ይቀመጡ። ከቁልቁለቱ ላይ የሚታየው የወንዝ ዳር በቆሎ፣ በላዩም ላይ የተደረደረው በረዷማ ተራራ ጉዞው ገና ሲጀመር የሚሰጥ ስጦታ ነው።

አምስተኛ፦ ማደሪያና ገንዘብ

ኦስፔዳሄ የሚባሉት በቤተሰብ የሚተዳደሩ ትንንሽ ማደሪያዎች ለዚህች ከተማ ከሆቴል ይልቅ ይስማማሉ። ማደሪያ ሲመርጡ ሁለት ነገሮችን ይጠይቁ፦ ሙቅ ውኃ በየትኛው ሰዓት እንደሚኖርና ክፍሉ ከዋናው አደባባይ ምን ያህል እንደሚርቅ። በአደባባዩ በኩል ከባድ መኪና ሁሉ ስለሚያልፍ ድምፁ ከንጋት በፊት ይጀምራል፤ ከአደባባዩ በስተሰሜን ባሉት የኢንካ መንደር ጎዳናዎች ውስጥ ግን መኪና ስለማይገባ ሌሊቱን የሚሰሙት ቦይ ውስጥ የሚወርደውን ውኃ ብቻ ነው።

የፔሩ ገንዘብ ሶል ይባላል። የባንክ ማሽን በከተማዋ ውስጥ ቢኖርም ገንዘብ የሚያልቅበት ቀን ስላለ የሚበቃዎትን ያህል ከኩስኮ አውጥተው ይምጡ። ባለ 100 ሶል ወረቀት ለአንድ ሾርባ ቢሰጡ ባለቤቷ መልስ ፍለጋ ጎረቤት ትሄዳለች፤ ዝርዝር ይያዙ። ጫፉ የተቀደደ ዶላር ማንም አይቀበልዎትም።

ስድስተኛ፦ በመጀመሪያው ቀን የኢንካውን መንደር በእግር ማየት

የመጀመሪያውን ቀን ዳገት ሳይወጡ በሜዳው ላይ ያሳልፉ። ከአደባባዩ በስተሰሜን ያለው አሮጌ መንደር ቆስቆ አይዩ ይባላል። ጎዳናዎቹ ጠባብና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ አራቱ በቁመት ሲሄዱ ሰባቱ ያቋርጧቸዋል። በየጎዳናው ጥግ በድንጋይ በተሠራ ቦይ ውስጥ ከተራራው የሚመጣ ውኃ ቀንና ሌሊት ይወርዳል።

የመንደሩ መሠረታዊ ክፍል ካንቻ የሚባለው ግቢ ነው። በአንድ ባዶ ግቢ ዙሪያ ባለ አንድ ክፍል ቤቶች ተደርድረው ወደ ውስጥ ይመለከታሉ፤ ሁለት እንዲህ ያሉ ግቢዎች ጀርባ ለጀርባ ገጥመው አንድ ብሎክ ይሆናሉ። ከጎዳናው የሚያስገባው በር ከታች ሰፊ፣ ወደ ላይ ጠበብ እያለ የሚሄድ ነው፤ በአንዳንዶቹ ላይ የበሩ ክፈፍ ተደራርቦ ሁለት እጥፍ ሆኖ ይታያል፣ ይህም ለኢንካዎች የክብር ምልክት ነበር። የታችኛው የግንብ ክፍል የኢንካ ሲሆን ከላይ ያለው የጭቃ ጡብና ክዳኑ ኋላ የተጨመረ ነው። ጣትዎን በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ላይ ቢያሳልፉ ያለ ማያያዣ ጭቃ እንዴት እንደተገጣጠሙ ይገነዘባሉ።

እዚህ ላይ ግን አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ከበሮቹ አብዛኞቹ ክፍት ናቸው፤ ይህ የመግቢያ ፈቃድ አይደለም። ከውስጥ ቤተሰብ ይኖራል፣ ልብስ ታጥቦ ተሰቅሏል፣ ልጆች ይጫወታሉ። ካልጠሩዎት በስተቀር ደፉን አይለፉ። ቦዩም ቢሆን እጅ መታጠቢያ ወይም ቆሻሻ መጣያ አይደለም፤ ኢንካዎች ከሠሩት ጊዜ ጀምሮ መንደሩን ሲያገለግል የኖረ ውኃ ነው።

ሰባተኛ፦ የቤተ መቅደሱን ኮረብታ መውጣት

ከፓታካንቻ ወንዝ ማዶ ያለው የእርከን ኮረብታ የከተማዋ ዋና ቅርስ ነው። ለመግባት ቦሌቶ ቱሪስቲኮ የሚባለው የጋራ ቲኬት ያስፈልጋል፤ ለብቻው የሚሸጥ የዚህ ቦታ ቲኬት የለም። ለረጅም ጊዜ ለውጭ ዜጋ ሙሉው ቲኬት 130 ሶል ሆኖ ለ10 ቀን 16 ቦታዎችን ሲያስገባ፣ የሸለቆው ከፊል ቲኬት ደግሞ 70 ሶል ሆኖ ለሁለት ቀን ኦያንታይታምቦን፣ ፒሳክን፣ ቺንቼሮንና ሞራይን ያስገባ ነበር። ዋጋው ሊለወጥ ስለሚችል በበሩ ላይ ያረጋግጡ፤ ጥሬ ገንዘብም ይያዙ። ኩስኮንም ለማየት ያሰበ ሰው ሙሉውን መግዛት ያዋጣዋል።

የሚገቡት በሩ እንደ ተከፈተ፣ ጠዋት በእኛ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ላይ ይሁን። የጉብኝት አውቶቡሶች ከኩስኮ ተነሥተው የሚደርሱት ረፋዱ ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት ባሉት ሰዓታት ኮረብታው ጸጥ ያለ ነው፤ ፀሐዩም ገና አልበረታም። በከተማዋ ማደር ካሉት ጥቅሞች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

እርከኖቹ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠሩ ነበር፦ ዳገቱን ከመሸርሸር ይጠብቃሉ፣ ለእርሻም ሜዳ ይሰጣሉ። ደረጃውን ቀስ ብለው፣ በየእርከኑ ትንፋሽ እየወሰዱ ይውጡ። ከላይ ሲደርሱ ስድስት ግዙፍ ወጥ ድንጋዮች ጎን ለጎን ቆመው፣ በመካከላቸው ቀጫጭን ድንጋዮች ገብተው ያያሉ፤ ያላለቀው የፀሐይ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ነው። ድንጋዮቹ ሐምራዊ ቀይ መልክ ያላቸው ሲሆኑ የትልልቆቹ ክብደት ከ50 ቶን በላይ እንደሆነ ይገመታል። በአንዱ ላይ የእርከን ቅርጽ ያለው የተሸረሸረ ቅርጽ ይታያል፤ ጥዋት ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ይበልጥ ይጎላል።

ከዚህ ሆነው ዞር ብለው ወንዙን ማዶ ይመልከቱ። ድንጋዮቹ የተፈለጡት ካቺቃታ ከሚባለው፣ ከወንዙ ማዶ ተራራው ላይ ካለ የድንጋይ ማውጫ ነው። ሠራተኞቹ ድንጋዩን ከገደሉ አውርደው፣ ወንዙን አሻግረው፣ እንደገና በተዳፋት መንገድ ወደዚህ ኮረብታ ጎትተዋል። ሥራው ሳያልቅ በመቋረጡ በመንገዱ ላይ የቀሩ ድንጋዮች አሉ፤ የአገሩ ሰው «የደከሙ ድንጋዮች» ይላቸዋል። በእኔ እይታ ይህ ቦታ ከማቹ ፒቹ የሚለይበት ነገር ይኸው ነው፦ የተጠናቀቀ ሥራ ሳይሆን በሥራ ላይ እንዳለ የተተወ ስፍራ ስለሆነ፣ ሰዎቹ እንዴት ይሠሩ እንደነበር በዓይን ይታያል።

ኮረብታው የጦር ታሪክም አለው። ከተማዋ በ15ኛው መቶ ዓመት የኢንካው ንጉሥ የፓቻኩቲ ርስት ነበረች። ስፔናውያን አገሩን ከያዙ በኋላ በ1536 የኢንካዎቹ ንጉሥ ማንኮ ኢንካ ዐመፀ፤ ኩስኮን ከበበ፤ ኦያንታይታምቦንም ዋና ሰፈሩ አደረገ። የስፔናውያኑ አዛዥ ኤርናንዶ ፒዛሮ ፈረሰኛ ጦር ይዞ ሊወጋው ሲመጣ፣ ከእርከኖቹ ላይ ቀስትና ድንጋይ ወረደበት፤ ማንኮም የወንዙን ውኃ በሜዳው ላይ ለቅቆ ፈረሶቹን በጭቃ አሰናከላቸው። ስፔናውያኑ ወደ ኋላ ለመመለስ ተገደዱ። በ1537 ማንኮ ከተማዋን ትቶ ወደ ቪልካባምባ ጫካማ ተራሮች ቢያፈገፍግም፣ ውኃው የተለቀቀበትን ሜዳ ከላይ ቆሞ ማየት ታሪኩን ከማንበብ የተለየ ነገር ነው።

ሲወርዱ በኮረብታው ሥር ያሉትን የውኃ ፏፏቴዎች ሳያዩ አይውጡ። «የልዕልቷ መታጠቢያ» የሚባለው ከአንድ ድንጋይ የተቀረጸ ሲሆን ውኃው ዛሬም ይወርድበታል።

ስምንተኛ፦ ፒንኩዩናና የድንጋይ ማውጫው

ከቤተ መቅደሱ ፊት ለፊት፣ ከመንደሩ በላይ ያለው ገደላማ ተራራ ፒንኩዩና ይባላል። መግቢያው በነጻ ነው። ከገደሉ ላይ ተጣብቀው የሚታዩት የድንጋይ ቤቶች ቆልቃ የተባሉ የኢንካ ጎተራዎች ናቸው፤ እህሉ ሳይበላሽ እንዲቆይ ነፋስና ቅዝቃዜ ከሚያገኙበት ከፍታ ላይ ተሠርተዋል። ጤፉን ከምድር ከፍ ባለ ጎተራ የሚያስቀምጥ ገበሬ ምክንያቱን ሳይነግሩት ይረዳዋል። መውጫው ጠባብና አንዳንድ ቦታ መደገፊያ የሌለው ስለሆነ ዝናብ በጣለበት ቀን አይሞክሩት፤ ልጅ ይዘው ከሆነም እጁን አይልቀቁ። ከሰዓት በኋላ ቢወጡ ፀሐዩ በቤተ መቅደሱ ኮረብታ በኩል ሲያዘቀዝቅ የመንደሩ ጎዳናዎች ከሥርዎ እንደ ተሠመረ ወረቀት ይታያሉ።

በሦስተኛው ቀን ጉልበት ያለው ሰው ወንዙን ተሻግሮ ወደ ካቺቃታ የድንጋይ ማውጫ ይውጣ። ግማሽ ቀንና ከዚያ በላይ የሚፈጅ ጉዞ ነው፤ ውኃና ምግብ ከከተማ ይያዙ፣ መንገድ የሚያውቅ የአገር ሰውም ይቅጠሩ። በመንገዱ ላይ የደከሙትን ድንጋዮች በእጅዎ መንካት ይችላሉ። ሰማዩ ከጠራ ከ5,600 ሜትር በላይ የሆነው፣ በረዶ የማይለየው የቬሮኒካ ተራራ ይታያል፤ በአገሩ ሰው ቋንቋ በኬቹዋ ስሙ ዋቃይዊልካ ነው።

ዘጠነኛ፦ መብልና መጠጥ፣ የጾም ምግብም ጭምር

ምሳ የሚበላው በገበያው ውስጥ ወይም «ሜኑ» የሚል በተጻፈባቸው ትንንሽ ቤቶች ነው፤ በአንድ ዋጋ ሾርባ፣ ዋና ምግብና መጠጥ ይቀርባል፣ በአደባባዩ ዙሪያ ካሉት ምግብ ቤቶችም በብዙ ይረክሳል። የዚህ ሸለቆ ነጭ በቆሎ ፍሬው እጅግ ትልቅ ነው፤ ተቀቅሎ ከአይብ ጋር በየመንገዱ ይሸጣል። ድንች ደግሞ የትውልድ አገሩ ይህ ነው። ወደ ኢትዮጵያ በ1858 በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በሺምፐር አማካይነት እንደ ገባ ይነገራል፤ እዚህ ግን በገበያ ላይ ቢጫ፣ ሐምራዊና ጥቁር ሆኖ፣ በሌሊት ውርጭ ቀዝቅዞ በቀን ፀሐይ የደረቀውም ቹንዮ ተብሎ ያገኙታል። የአገሩ ሰው በበዓል የሚበላው ኩይ የተባለው ትንሽ እንስሳ ሙሉ አካሉ ተጠብሶ ስለሚቀርብ፣ የማይፈልግ ሰው አስቀድሞ ቢናገር መልካም ነው።

ጾም ላይ ያለ ሰው አይቸገርም፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ይጠይቅ። ኪኑዋ ከተባለው የአንዲስ እህል የሚሠራው ሾርባ አትክልት ብቻ መስሎ በሥጋ መረቅ ሊሠራ ይችላል። «ሲን ካርኔ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን ኡኤቮ» ይበሉ፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። መረቁንም ለይተው ይጠይቁ፤ «ሲን ካልዶ ዴ ካርኔ» ይባላል። የቧንቧ ውኃ ሳይፈላ አይጠጡ።

በመንደሩ ውስጥ ሲዘዋወሩ ከቤት ደጅ ላይ በረጅም እንጨት ጫፍ ቀይ ፕላስቲክ ወይም ቀይ ጨርቅ ታስሮ ካዩ ቺቻ የሚሸጥበት ቤት ነው። ጣሳ በእንጨት ላይ ደፍቶ «ጠላ አለ» የሚል አገር ሰው ይህን ምልክት ለማንበብ አስተርጓሚ አያሻውም። ቺቻ የሚጠመቀው ከበቆሎ ብቅል ነው፤ ሆራ ይሉታል። ጎምዘዝ ያለ፣ ደፍረስ ያለ፣ ከጠላ የሚቀልል መጠጥ ነው። ሰው ከመጠጣቱ በፊት ጥቂት ወደ መሬት ያፈስሳል፤ ለፓቻማማ፣ ለእናት ምድር የሚደረግ ነው። በመጀመሪያው ቀን ግን አይቅመሱ፤ ከፍታው ይቅደም።

ዐሥረኛ፦ ከሰዎቹ ጋር

ስፓኒሽ ሁሉም ይናገራል፤ በቤት ውስጥ ግን የብዙዎቹ ቋንቋ ኬቹዋ ነው። «አሊያንቹ» ብለው ቢጠይቁ ደኅና ነዎት ወይ ማለት ነው፤ «ሱልፓይኪ» አመሰግናለሁ ነው። ሽማግሌውን «ታይታይ»፣ አሮጊቷን «ማማይ» ብለው ይጥሩ፤ አባቴ፣ እናቴ እንደ ማለት ስለሆነ አባባና እማማ እያለ ላደገ ሰው አፉ አይከብደውም። ሰላም ሳይሉ ዋጋ መጠየቅ ነውር ነው።

ከከተማዋ በላይ በፓታካንቻ ሸለቆ ውስጥ ያሉት የዊሎክና የፓታካንቻ መንደር ሴቶች በቀይ ልብሳቸውና በሽመናቸው ይታወቃሉ። እየተራመዱ እንዝርት ያሾራሉ፤ የሚፈትሉት ግን ጥጥ ሳይሆን የበግና አልፓካ የተባለው የአንዲስ ለማዳ እንስሳ ፀጉር ነው። ቀዩን ቀለም የሚያገኙት በበለስ ቅጠል ላይ ከሚኖር ኮቺኒል ከሚባል ትንሽ ነፍሳት ነው፤ ይኸው ነፍሳት ወደ ትግራይ ገብቶ በለሱን ያጠፋው መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ፣ እዚህ ሀብት እዚያ መቅሠፍት መሆኑን ሲያስብ ማዘኑ አይቀርም። ልብስ ሲገዙ በማሽን የተሠራውን ከእጅ ሥራው ለመለየት ጀርባውን ይገልብጡ፤ የእጅ ሽመና በሁለቱም ፊት ንድፉ ይታያል፣ ጠርዙም ያልተቆረጠ ነው። አንዲት ሴት ሳምንታት የደከመችበትን ጨርቅ እስከ ግማሽ ዋጋ ማውረድ አግባብ አይመስለኝም፤ መጠነኛ ቅናሽ ጠይቀው፣ እምቢ ካለች የጠራችውን ይክፈሉ ወይም አመስግነው ይለፉ። ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ያስፈቅዱ፤ ክፍያ ከጠየቁ አስቀድመው ይስማሙ።

ዐሥራ አንደኛ፦ ወደ ማቹ ፒቹ

የማቹ ፒቹ መግቢያ በሰዓትና በመስመር ተከፋፍሎ የሚሸጥ ስለሆነ በደረቁ ወቅት ከሳምንታት አስቀድሞ ያልቃል። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ የመግቢያ ቲኬቱን፣ ቀጥሎ ባቡሩን፣ ከዚያ ማደሪያውን። ባቡር ፔሩሬይልና ኢንካ ሬይል የተባሉ ድርጅቶች ያስኬዳሉ፤ ከማቹ ፒቹ ሥር እስካለችው አጉዋስ ካሊየንቴስ ከተማ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ትልቅ ሻንጣ ስለማያስገቡ ማደሪያዎ ላይ አስቀምጠው በትንሽ ቦርሳ ይሂዱ። ዋናውን ፓስፖርት ይያዙ፤ ስሙ በቲኬቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ስማችን ከአባትና ከአያት ስም ጋር ስለሚጻፍ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለ አድርገው ይሙሉ። ከአደባባዩ እስከ ጣቢያው በእግር ሩብ ሰዓት ገደማ ነው፤ ለደከመው ባጃጅ አለ።

ዐሥራ ሁለተኛ፦ ሲመለሱ

በማደሪያው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የኮካ ቅጠል ሻይ በፔሩ ሕጋዊ ነው፤ ለሆድና ለራስ ምታት ብሎ የሚጠጣው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ቅጠሉም ሆነ የሻዩ ከረጢት ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይዞ መግባት እንደ አደንዛዥ ዕፅ ያስከስሳል፤ ጫት ይዞ በአየር ማረፊያ የተያዘ ሰው ያየውን ችግር የሰማ ሁሉ ይህን በቀላሉ አያየውም። ሻዩን ጠጥቶ ወዲያው የሥራ ቦታ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ያለበት ሰውም ውጤቱ ሊያጋልጠው ስለሚችል፣ በምትኩ ሙንያ የሚባለውን፣ ናና የሚመስል የተራራ ቅጠል ሻይ ቢጠጣ ይሻለዋል። ከኦያንታይታምቦ ከመነሣትዎ በፊት በነበረው ሌሊት የቦርሳዎን ኪሶች ሁሉ ይፈትሹ፤ የተረፈ ከረጢት ካለ ለማደሪያዋ ባለቤት ይስጧት።